ቀይ እስክሪብቶ ያላረፈበት ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ደብተርና ጠመኔ ይዘን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። እማማ አልጋቸው ላይ የሉም። ፍራሹ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ተደግፏል። ሲስተር ሲያዩን አንዲት ቃል ሳይናገሩ የአልጋው ሽቦ ላይ ቁጭ አሉ፤ ያን ጊዜ ገባን።

እማማን 11 ዓመት ሙሉ ያስታመሟቸው ሲስተር ናቸው። «ከበሽታው እኮ ድነው ነበር፤ የወሰዳቸው የሳንባ ምች ነው» አሉን፣ ዓይናቸውን በጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ። እውነታቸውን ነው። የሥጋ ደዌ ተህዋስ በመድኃኒት ይሞታል፤ አንዴ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። የእማማ እግር እሾህና እሳት አይለይም ነበር። ስለዚህ ሲስተር ማታ ማታ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ የደረቀውን ፍቀው፣ ቅባት ቀብተው፣ ጣት በጣት ይመለከቱላቸው ነበር። «እሳቸው አይሰማቸውም። ‹እዚህ ጋ አመመዎት› ብዬ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ማታ ማታ ምን ልሥራ?» አሉን።

እኛስ? የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደነበርን መሸሸግ አይገባንም። እማማ ለሰላምታ እጃቸውን ሲዘረጉልን የጣቶቻቸውን ማጠር አየንና እጃችንን ኪሳችን ከተትን። ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልን «አንጠጣም» አልን። ሰባት ሰው ሆነን አንድም ቡና ጠጪ ጠፋ! ሲስተር አንዱን ስኒ አንስተው ፉት አሉና «ነገ ልጆች የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ?» አሉን። አቀረቀርን። ኖርዌያዊው ሐኪም ሀንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳገኘ፣ በሽታው በዘርም በእርግማንም እንደማይመጣ፣ በመጨባበጥና አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ተምረናል። እጃችን ግን አልተማረም ነበር።

ቡናውን የጠጣነው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። የዚያን ዕለት እማማ ታሪካቸውን አጫወቱን። ልጅ ሳሉ ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። መምህራቸው መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር አዛወሯቸው፤ ቀጥለው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አሏቸው። ፊደል የቆጠሩት እስከ «ሰ» ብቻ ነበር። «ጣቴን የወሰደው ደዌው ነው፤ ፊደሌን የወሰዱት ግን መምህሩ ናቸው» አሉን። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ከ«ሸ» ጀመርን። ሲስተር እስክሪብቶውን ከመዳፋቸው ጋር በፋሻ እያሰሩላቸው፣ በሰባተኛው ወር እማማ «ፐ» ላይ ደረሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲስተር ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩን። በመጨረሻው ገጽ «ሲተር እግሬን አየች» የሚል ተጽፎበታል። አንዱ ጓደኛችን በልማድ ቀይ እስክሪብቶውን ሲያወጣ ሲስተር እጁን ያዝ አደረጉት። «ተወው ልጄ፤ እኔን የሚጠሩኝ እንደዚያ ብለው ነው።»

እህቶችና ወንድሞች፣ ሥልጠናችንን ስንጨርስ በየገጠሩ እንመደባለን። ቆዳው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማው ምልክት ያለበት ልጅ ብናገኝ ወንበሩን አናዛውር። ወላጆቹን አስጠርተን ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እንምከር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚመክረው የተቀናጀ መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል፤ የሚሰጠውም በነፃ ነው። ነርቭ ሳይጎዳ በጊዜ ከተጀመረ ጣት አይጎድልም፤ ልጁም ከክፍሉ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

እኛ እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ዘግይተናል። እናንተ አትዘግዩ።