አረም የሚነቅሉ እጆች

ወገኖች፣ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ኦልምስቴድና ቮክስ በ1858 እ.ኤ.አ. የነደፉት ይህ 843 ኤከር ስፋት ያለው መናፈሻ፣ በ1970ዎቹ ሣሩ ተራቁቶ፣ ግድግዳዎቹ በቀለም ተዝረክርከው ነበር። በ1980 ፓርኩን የሚያድስና የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ፤ በጎ ፈቃደኞችም ከሠራተኞቹ ጎን ተሰለፉ። ዛሬም ቅጠል ይጠርጋሉ፣ አረም ይነቅላሉ።

ልባችንን የነካው ይህ “ዛሬም” የሚለው ቃል ነው። በአገልግሎት ዘመናችን እንዳየነው፣ ለምርቃት ቀን ሁሉም ይሰበሰባል፤ አረም ግን የሚበቅለው ከምርቃት በኋላ ነው። አዳምም በገነት የተቀመጠው ሊዝናናባት ብቻ ሳይሆን ሊንከባከባት ጭምር ነበር። የሰፈራችን መናፈሻም፣ ትዳራችንም፣ ኅብረታችንም የሚጸናው እንዲሁ ነው። በዚህ ሳምንት፣ ማንም ሳያየን የምንነቅለው አረም የትኛው ይሆን? ጌታ ይርዳን።