ቆጣሪው የሰጠው ምስክርነት

በባላገሩ ቤታችን የኤሌክትሪክ ሒሳብ ከወር ወደ ወር እየከበደ ቢሄድብን፣ ጥፋቱን ሁሉ ሌሊት በምታጠናው ልጃችን ላይ ጥለን አምፑሏን አወለቅንባት። በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ስንሆን፣ በገዛ ቤታችን ግን አንድ ምስክር እንኳ ሳንሰማ ፈረድን።

ባለቤታችን፣ «ቆጣሪው ይጠየቅ እንጂ» ብለው ቢያሳስቡን፣ እንጀራ ከመጋገሩ በፊትና ከተጋገረ በኋላ ቁጥሩን መዘገብን። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሄዶ አገኘነው። ምጣዱ 3500 ዋት ሲወስድ የልጅቱ አምፑል የሚወስደው 10 ዋት ብቻ ነው፤ አንዱ ምጣድ 350 አምፑል መሆኑ ነው!

ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጋገሩን ትተን በሳምንት ሁለት ቀን አብዝተን እንጋግራለን፤ ምጣዱ እስኪግል ድረስ በየቀኑ በከንቱ ይፈጅ የነበረው ኃይል ቀረልን። የመጨረሻው እንጀራ ሲሰፋም ምጣዱ ይጠፋል፤ በያዘው ግለት ይበስላልና። በሦስተኛው ቀን እንጀራው እንደ ትኩሱ አይጥመንም፤ ይህን አንደብቅም። የወሩ ሒሳብ ግን ቀንሷል።

አምፑሉን በእጃችን መልሰን ስንሰቅልላት ልጅቱ አንዳች አልተናገረችም፤ ደብተሯን ገለጠች።