ማስታወቂያና ገበታ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ዲማ በጊዮርጊስ ገዳሟና በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟን ለብዙ አንባቢ አሰምተዋል። በእንዲህ ያለው አገር የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ የሚያገኘው ቁራሽ የጤፍም ሆነ የገብስ፣ አስቀድሞ የተነገረለት ውዳሴ የለምና ተቀባዩን አያታልልም።

ከዚያ ወጥቶ በከተማ ምግብ ቤት የሚቀመጥ መንገደኛ ግን በሩ ላይ «የማኛ ጤፍ እንጀራ» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ሩዝ የተደባለቀበት ሊቀርብለት ይችላል። መደባለቁ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤተ ሰብ ያደርገዋል። ነውሩ ድብልቁን በማኛ ስም መሸጥ ነው። ከዚህም የሚከፋው «የጾም» የተባለው ወጥ ቅቤ በነካው ድስት ተሠርቶ ሲገኝ ነው፤ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ የጾመኛውን ኅሊና ይነካልና።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ዳኛ በየማድ ቤቱ አይቆምም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከማዘዝህ በፊት በትሕትና ጠይቅ፤ ባለ ምግብ ቤቱም ያለውን እንዳለ ይንገርህ። ሰርገኛ ተብሎ የቀረበ የሰርገኛ እንጀራ፣ ማኛ ተብሎ ከቀረበ ድብልቅ ይልቅ የከበረ ነው።