ማኅፀን ውስጥ ያለው ተራራ

አንዲት ወዳጄን አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ሕፃኑ ልቡ ላይ ክፍተት እንዳለበት ሐኪሞች ነግረዋታል። ገንፎው ቀርቦ ገና አንድ ሁለት ሳንጎርስ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ከባድ ነገር አንስተሽ ነው?» አሏት። ሌላዋ «ደንግጣ ይሆናላ» አሉ። ወዳጄ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትፈትል ጀመር። ያ አንገት መድፋቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለአብዛኞቹ መሰል ችግሮች አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አይገኝም፤ ዘርም አለበት፣ ጽንሱ ያደገበት ሁኔታም አለበት። ከሁኔታዎቹ አንዱ የኦክስጅን ማነስ ነው። ይኼ ነገር ግን ከምናስበው የረቀቀ ነው።

ጽንስ ሁልጊዜም የሚኖረው በትንሽ ኦክስጅን ነው። በእትብት የሚገባለት ደም የኦክስጅን ግፊቱ ከእናቱ ደም ቅዳ ሲሶ ቢሆን ነው። ጆሴፍ ባርክሮፍት የሚባሉ የካምብሪጅ ሊቅ ስለ ከፍታና ስለ ደም ሲያጠኑ ፔሩ ድረስ ሄደው ከ4000 ሜትር በላይ የወጡ ሰው ነበሩ። በኋላ ወደ ጽንስ ጥናት ዞሩ፤ ማኅፀንን ከኤቨረስት ጫፍ ጋር ማመሳሰልም ከእሳቸው ስም ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ሁላችንም የዚያ ተራራ ልጆች ነን።

እጥረቱ ራሱ ለልብ መልእክት ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሕዋሳት ውስጥ የሚነቃ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ደም ሥር እንዲበቅል ያዛል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች ልባቸው በወጉ ሳይሠራ ማኅፀን ውስጥ ይሞታሉ። ሕዋስ ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለካ የደረሱበት ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል ተሸልመዋል።

ጉዳት የሚመጣው ከዚያችው ከትንሿ ሲቀነስ ነው። ቦሊቪያ ውስጥ፣ 3600 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ላ ፓዝ፣ ከቆላ የመጡ የዶሮ እንቁላሎች እንዲታቀፉ ተደርጎ በውስጣቸው ያሉት ጽንሶች ቀጭጨው ተገኙ። ኦክስጅን እየተጨመረላቸው የታቀፉት ግን አልቀጨጩም። የሰው ጽንስም ሲቸግረው ደሙን ከእጅ ከእግሩ ቀንሶ ለአንጎልና ለልብ ያደላል። ልብ ግን በጠበቡ ደም ሥሮች ላይ እየገፋ ይደክማል። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ደግሞ ከተወለድን ወዲያ መባዛታቸውን የተዉ ያህል ነው፤ በማኅፀን የጎደለው በኋላ በቀላሉ አይሞላም።

የደጋ ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በ3530 ሜትር የሚኖሩ የሰሜን ተራራ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል እንደሚኖር ሰው ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ የነፍሰ ጡሮች አልነበረም፤ ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ሳይሆን ጓዳችን ነው። የማገዶና የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፣ ወደ ጽንሱም ይሻገራል። የእናት ደም ማነስ አለ። የእርግዝና ደም ግፊት አለ፤ የእንግዴ ልጁን ደም ያሳንሳል። እነዚህ ይታያሉ፣ ይለካሉ፣ ብዙውን ጊዜም ይታከማሉ።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ልብ ከተጸነሰ በ22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ይጀምራል፤ በ8ኛው ሳምንት ክፍሎቹ በአብዛኛው ተለይተው አልቀዋል። ብዙ እናቶች ያኔ ለክትትል ካርድ እንኳን አላወጡም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የወር አበባዋ የቀረባት እህት ወይም ሚስት ካለቻችሁ ሆዷ እስኪገፋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ አድርሷት። ደሟና ግፊቷ ይታይ፣ አይረንና ፎሊክ አሲዷን ትጀምር፣ ከምድጃውም ሌላ ሰው ይተካት። አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ ደግሞ «ምን አንስተሽ ነው?» አትበሏት።