ባለሙያዋ

በሞጣም ሆነ በቢቸና የተማረ የገጠር ልጅ እሑድን ከሰዓት በኋላ አይረሳውም። መንገዱ ሁሉ በተማሪ ይሞላል። አንዱ ጆንያ በትከሻው፣ አንዷ አገልግል በጀርባዋ፣ ሌላው ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይነጉዳል። የተሸከሙት የሳምንት ስንቃቸውን ነው። ዓርብ ባዶውን ይዞ መመለስ፣ እሑድ ሞልቶ መውጣት። እኛም በአንድ ክፍል የተማርን ሁለት ወንድማማቾች አራት ዓመት ሙሉ ወደ ሞጣ እንዲሁ ተመላልሰናል። ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ኪራይ ቤታችን ቁንጫ ለጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ አውርተናል። በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ምሽት ላይ «እኛ እኮ በበሶ ነው የተማርነው» ማለት እንደ ኒሻን ይቆጠራል። በሶውን የፈጨችውን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ስለዚህ ይህች ጽሑፍ የዕዳ ወረቀት ናት።

ባለዕዳዎቹ እኛ፣ ባለገንዘቧ ታላቅ እህታችን እታለም ናት።

እኛ ሐሙስ ዕለት የሒሳብ ፈተና ስንፈተን፣ እርሷ ጤፉን በወንፊት ነፍታ ከእርሾ ጋር በቡሃቃ ታቦካለች። ሁለት ቀን ያድራል። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ደፍታ፣ ከሊጡ ትንሽ ቀንሳ አብሲት ትጥልና መልሳ ትቀላቅለዋለች። ቡሆው ኩፍ ሲል እሳት ይነዳል። ማገዶ የምንለው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጢሱ ዓይን ያጠፋል። ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሰዋለች፤ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞረች ታፈሳለች፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትከድናለች፤ ከዚያ በሰፌድ ታወጣለች። ደግሞ ማሰስ፣ ደግሞ ማዞር፣ ደግሞ መክደን።

አንድ ቀን ተቀምጠን አሰላነው። ለሁለታችን በቀን አራት እንጀራ፣ ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ 20 እንጀራ። ከዚያ በላይ ስለሚሻግት ለዓርብ ድርቆሽና በሶ ነበረን። የትምህርቱ ዓመት 40 ሳምንት ነው ቢባል 800፣ በአራት ዓመት 3,200 እንጀራ። ዳቦ ቆሎው አልተቆጠረም። ለፈተና ሳምንት የሚጨመረው ድፎም አልተቆጠረም፤ የስንዴውን ሊጥ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከታች እሳት ከላይ ፍም አድርጋ የምታበስለው፣ እኛም ለጎረቤት ተማሪዎች እየቆረስን የምንኮራበት ድፎ።

ማታ ደግሞ ስፌት አለ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ስንደዶና አክርማ ትለቅማለች፤ ታደርቃለች፤ ከፊሉን ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሁሉ ወስፌው ከእጇ አይለይም። ስንደዶውን በውኃ እያራሰች፣ አንድ ዙር ሰፍታ ሌላውን ትቀጥላለች። ደግ ሞሰብ ወራት ይፈጃል። ንድፉን በወረቀት አትሥለውም፤ በሐሳቧ ትቆጥረዋለች። አንዴ አጠገቧ ቁጭ ብለን «እንዴት ነው ጥለቱ ዞሮ ዞሮ ልክ የሚገጥምልሽ?» ብንላት «ከመጀመሪያው ዙር አካፍዬው ነዋ» አለችን። እኛ ያን ጊዜ ማካፈል የምናውቀው በደብተር ላይ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ካልኩሌተራችን የአንድ ሌማት ዋጋ ነው።

የአገሩ ሰው እታለምን «ባለሙያ ናት» ይላታል። እኛም ደስ ይለን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው ቃሉ የቆረቆረን። ወንድ «ባለሙያ» ሲባል የተማረ፣ ደመወዝ ያለው፣ ምክሩ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። ሴት «ባለሙያ» ስትባል ግን እንጀራዋ ዓይናማ፣ ወጧ ጣፋጭ፣ ስፌቷ የሚደነቅ ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ደመወዝ ያስበላል፣ ሌላው ምርቃት።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። እታለም ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው፤ የሚኒስትሪ ውጤቷም ከሁለታችንም ይበልጥ ነበር። በሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ከስምንት አያልፍም። «ሴት ልጅ ብቻዋን ኪራይ ቤት?» አሉ አባታችን። እናታችንም ዝም አለች። ነገሩ በዚያው ቀረ። የእኛ ተራ ሲደርስ ስለ ኪራይ ቤት የጠየቀ የለም። ጥያቄው «ማን ይጋግርላቸዋል?» የሚል ብቻ ነበር። መልሱ ደግሞ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

በጥር 2010 ዓ.ም. ለዘመድ ሠርግ ወደ እናታችን የትውልድ አገር፣ ወደ ዓባይ ማዶ አብረን ወረድን። መሻገሪያው ሰባራ ድልድይ ነው። በዓፄ ፋሲለደስ ዘመን ተሠራ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ተሰብሮ ከስልሳ ዓመት በላይ እንደዚያው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሞልቶ ነበር፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣዩ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እናታችን ለሙሽርነት ወደ ጎጃም ስትመጣ ግን ገና ገመድ ነበር። መንገደኛው ወገቡን ይታሰራል፤ ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ጎበዞች ይስቡታል። «አገልግሌ ለብቻው ተሻገረ፤ እኔ ለብቻዬ። ከራሴ ይልቅ ለአገልግሉ ነበር የፈራሁት፤ ድፎው ዓባይ ቢገባ ምን ይዤ ልድረስ?» ብላ አሳቀችን።

ከተሻገርን በኋላ ጥላ ሥር አረፍን። እታለም አገልግሏን ፈትታ ድፎውን ቆረሰችልን። እርሷ ግን ከመብላት ይልቅ የተረፈውን አሮጌ ድንጋይ ታያለች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን በገመድ የተንጠለጠሉት ለአንድ ቅስት ብለው ነው?» አለች።

«አዎ፣ አንዱ ነው የጎደለው።»

ዝም አለች። እኛ እንደ አዋቂ ሆነን ጀመርን። በዚያ ሰሞን በግቢያችን ስለ ሴቶች እኩልነት በተደረገ ክርክር ላይ ተናግረን ተጨብጭቦልን ስለነበር አንደበታችን ተፈትቷል። «እታለም፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነበርሽ። አሁንም አልመሸም። ሞጣ የማታ ትምህርት አለ። ለምን አትመዘገቢም?» አልናት።

ቀና ብላ አየችን። አልተቆጣችም። «ለእኔስ ማን ይጋግርልኛል?» አለች።

በአፋችን የያዝነው የእርሷ ዳቦ ነበር። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ክረምት ስንመለስ «እኛ እንጋግራለን» ብለን ተነሣን። አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅብን! የመጀመሪያው ከምጣዱ ጋር ተጣበቀ። ሁለተኛው መሀሉ ወፍሮ ዳሩ ብትንትን አለ። ሦስተኛውን አክንባሎ ሳንከድን ረስተነው አረረ። ጎረቤት ሰምቶ «የተማሩት ልጆች ጓዳ ገቡ» እያለ ሳቀ፤ እናታችን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከአሥር ሊጥ ሁለት እንጀራ አወጣን። ሊትር ሙሉ ላብ፣ ሁለት እንጀራ! ዓይናችን በጢስ ቀልቶ ስንወጣ 3,200 የሚለው ቁጥር በደብተራችን ላይ ከነበረው በጣም ይከብድ ነበር።

አባታችን ብዙ ቀን አሰቡ። በመጨረሻ የነገሩን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታናሻችሁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ይገባል። ከእርሱ ጋር ትሂድ።» እንዲህ ሆኖ እታለም በ2011 ዓ.ም. መስከረም ለማታ ትምህርት ተመዘገበች። ይህን የእኛ ድል አድርገን አንጽፈውም። ዓመታት አልፈዋል፤ ከእርሷ በኋላ የተወለዱ ልጆች መካከል ነው የተቀመጠችው። ቀን ቀንም ስፌቷን አልተወችም፤ የኪራዩን ገንዘብ የምታገኘው ከእርሱ ነው።

ለታናሻችን ግን አንድ ነገር አስጠነቀቅነው። ቡሆውን ሐሙስ እናታችን ታቦካለች፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመለሱ ምጣዱን ሁለቱ በየተራ ይይዛሉ። «እታለም ብቻዋን ከጋገረች ስንቅህን አትንካ» አልነው። «እሺ ጋሼ» አለ፤ እሺታው ግን የአፍ መስሎን ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ደወልን።

«ስንት ጋገርክ?»

«አሥራ አንድ» አለ በኩራት። «ዘጠኙ ይበላል።»

ከኋላው የእታለም ሳቅ ተሰማን።

«ሰባቱ!» አለች።