የገዛ መኪናን በገዛ እጅ ስለ መጠበቅ

በከተማችን መኪና ያለው ሰው ብዙ ነው፤ መኪናውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ባለ መኪናው መሪውን ይዞ ይነዳል፤ ናፍታ ያስቀዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ ወስዶ ያሳጥባል፤ ከኮፈኑ በታች ያለውን ግን እንደ ባዕድ አገር ይቆጥረዋል። ያላወቀው ድምፅ የመጣ እንደ ሆነ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ድምፁ ሲብስበትም ወደ ጋራዥ ይሄድና «እስቲ እየው፤ የሆነ ነገር ይጮኻል» ብሎ ቁልፉን ያስረክባል፤ ማታ ተመልሶ የተጠየቀውን ከፍሎ ይወስዳል። ምን እንደ ተሠራ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የተሰጠው መልስ እውነት ይሁን ሐሰት የሚለይበት ሚዛን የለውም።

እኔ ያለችኝ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ላንድ ክሩዘር 80 ናት። ሞተሯ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው። ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ስለ ሆነ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ዓባይን ተሻግሬ እሄዳለሁ፤ ሕመሟ ሲነሣባትም ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ የማመጣት በዚህችው መኪና ነው። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ መካኒክ ሁን ብዬ አይደለም። እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ።

«ሰርቪስ» የሚባለው ሥራ አብዛኛው ምሥጢር የለውም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሞተሩን ዘይትና የዘይቱን ፊልትሮ እቀይራለሁ። ሞተሩን ጥቂት አስነሥቼ ዘይቱ ለብ ሲል አጠፋዋለሁ፤ የሞቀ ዘይት ቀጭን ስለ ሆነ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና። ከሥር ሰፊ ሳፋ ደቅኜ የኮፓውን ቡሎን እፈታለሁ፤ የዚህች መኪና ዘይት ወደ 10 ሊትር ስለሚጠጋ ትንሽ ሳፋ የደቀነ ሰው ግቢውን ያጥባል። ጥቁሩ ዘይት እየሳሳ ወደ ጠብታ እስኪለወጥ ድረስ አንድ ሻይ ይጠጣል። አዲሱን ፊልትሮ ከማሰሬ በፊት የጎማ ቀለበቱን በአዲስ ዘይት እቀባለሁ፤ በእጄ ብቻ አጠብቀዋለሁ እንጂ በቁልፍ አላስጨንቀውም። ሲያስሩት ያስጨነቁት ፊልትሮ ሲፈቱት ያስጨንቃል።

የናፍታው ፊልትሮ ደግሞ ከሥሩ አንዲት የማፍሰሻ ቡሎን አለችው። ውኃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከታች ይሰበሰባል። ቡሎኗን አላልቼ በላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ስጫናት በመጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ናፍታው ይወጣል። በብርጭቆ ተቀብለው በፀሐይ ቢያዩት በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በክር የተሰመረ ይመስላል። የናፍታው ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ነውና፣ ይህ የአንድ ሲኒ ግማሽ የማይሞላ ውኃ ገብቶ ቢያዝገው ወጪው የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ማፍሰሱ ግን ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የአየር ማጣሪያውን፣ አቧራ መንገድ በወጣሁ ቁጥር፣ ነፋሱን ከውስጥ ወደ ውጭ አድርጌ አስነፋዋለሁ። ስለ ራዲያተሩ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ተራ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚያሳድርበት ውኃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ እንዲሞቅ ይፈቅድለታል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱም ይቀራል፤ ሰውዬውም «ውኃ ትጨርሳለች» እያለ በየመንገዱ ጀሪካን ይዞ ሲቆም ይታያል። ይህንኑ ክዳን በትኩሱ የሚከፍት ፊቱን በእንፋሎት ያስጠብሳልና፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ መታገሥ ግድ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱ ነውና።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሲሄዱ ጎሐ ጽዮን ላይ ሜዳው ያልቃል። ከዚያ ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ2 ቶን በላይ የሆነ መኪና ሰውና ዕቃ ጭኖ ያን ያህል ሲወርድ፣ ጉልበቱ ሁሉ የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው። ዐዋቂ ነጂ ካምቢዮውን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን ረግጦ አይወርድም። ቢሆንም ፍሬኑ መጋሉ አይቀርም።

ፍሬን የሚሠራው በዘይት ነው። እግር የተጫነው ኃይል በቱቦ ውስጥ ባለው የፍሬን ዘይት በኩል ወደ አራቱ ጎማ ይደርሳል፤ ፈሳሽ ተጨምቆ አያንስምና። ይህ ዘይት ግን ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይሆን ደንቡ ያዝዛል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የሁለቱ ልዩነት ዝናብ በሌለበት ሜዳ ላይ አይታወቅም። ቁልቁለቱ መካከል ግን ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወለል ድረስ ይሄዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ አደርጋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለፋሲካ ልሄድ ስል፣ ጊዜ ስላጠረኝ መኪናዪቱን ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ማታ በደረሰኙ ላይ «የፍሬን ዘይት ቅያሪ» ተብሎ ተጽፎ፣ ዋጋውን ከፍዬ ወሰድኋት። በማግሥቱ ጎማዎቹን ስመለከት ግን አንድ ነገር አየሁ። በየጎማው ጀርባ ያሉት የማስተንፈሻ ቡሎኖች የክረምቱን ጭቃ እንደ ተለሰኑ ናቸው፤ ጭቃው አልተሰነጠቀም። በኮፈኑ ሥር ያለው የዘይቱ ዕቃ ተወልውሎ ያበራል፤ በውስጡ ያለው ዘይትም ነጭ ነው። ከላይ ያለው ተመጥጦ አዲስ ተጨምሮበታል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግን አልተነካም ማለት ነው።

የእኅቴን ልጅ ጠራኋት፤ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። መሪው ዘንድ አስቀመጥኋትና ሥራውን ከሩቁ ጎማ፣ ከኋላው ቀኝ ጀመርን። ስስ ቱቦ ቡሎኑ ላይ ሰክቼ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከተትሁ።

«ርገጪ።»

«ረገጥሁ።»

«ያዢው፤ እንዳትለቂ።» ቡሎኑን አላላሁ፤ ዘይቱ ወጣ፤ መልሼ አጠበቅሁ። «አሁን ልቀቂ።»

የወጣው የቡና አተላ ይመስል ነበር። ልጅቱ ወርዳ ጠርሙሱን አየችና፣ «አጎቴ፣ ይሄ ነው አያቴን የሚያመጣት?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ አራቱንም ጎማ በየተራ ስናደርግ ከሰዓቱ አለቀ።

ሰኞ ጠርሙሱን ይዤ ወደዚያ ጋራዥ ሄድሁ። ለጠብ አልሄድሁም፤ ግን ማየት ነበረባቸው። ባለቤቱ ጠርሙሱን አየ፤ አልካደም። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ፤ «ዐሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ይሄን ከፍቶ ያየ ሰው የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።» ገንዘቤን መለሰልኝ። ስወጣ ግን ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አንድ ወጣት፣ በር ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ በደንብ ልሥራው ብል ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጓደኛዬ ከላይ ጠርጎ በዐሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ደንበኛው ለሁለታችንም እኩል ነው የሚከፍለው፤ እኩልም ነው የሚያመሰግነው። እንዲያውም እርሱ ፈጣን ይባላል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙ ሰው «መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው» ሲል ይሰማል፤ እኔ ግን ይህን አነጋገር አልወደውም። አንድን ሙያ ሐሰተኛ የሚያደርገው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። የማያይ ደንበኛ ሁለት ሠራተኞችን በአንድ ዋጋ ሲገዛ፣ ታማኙን ይቀጣል፤ ዋሾውን ይሸልማል። ይህንንም የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው፤ ለታማኙ ግን ውጤቱ ያው ነው። አንድ ጊዜ የፍሬን ዘይት በእጁ የለወጠ ሰው፣ ሁለተኛ በሕይወቱ ባይደግመውም፣ ሥራው ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ጀርባ እንደሚያሳምም፣ የክንድ ቆዳ እንደሚልጥ ያውቃል። የሁለት ሰዓቱን ዋጋም ሳያጉረመርም ይከፍላል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ከመኪናዋ ሥር ስወጣ አይተውኝ፣ «አይ አንተ! ተምረህ ተምረህ መጨረሻህ ከመኪና ሥር መተኛት ሆነ?» ብለውኛል። እሳቸውን አልፈርድባቸውም፤ ይህ ንቀት የቆየ ነው። የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ቤንትሌይ በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። መኪናውን ፈጥነን ተቀበልን፤ አዋጁን ግን እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ገና እየተቀበልን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ያቀረበልኝ ግን አንድ ወዳጄ ነው። «አንተ ደመወዝ አለህ» አለኝ፤ «ለዘይት ቅያሪ የምትከፍለው ለአንድ ልጅ የዕለት እንጀራው ነው። ቁጠባህን ከእርሱ አፍ ነጥቀህ ነው።» ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙሉ መልስ አለኝም አልልም። የማደርገውን ብቻ ልናገር። የማልችለውን ሁሉ ለዚያ በር ድረስ ለሸኘኝ ወጣት እሰጣለሁ፤ ዛሬ የራሱ ትንሽ ቦታ አለው። የዚህች ሞተር የጊዜ ቺንጊያ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት፤ ሳይለወጥ ቆይቶ ቢበጠስ ባልቦላና ፒስቶን ይጋጫሉ። ይህን እኔ አልነካውም። የናፍታ ፖምፓውንም አልነካውም። እርሱ ሲሠራ ግን አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ እርሱም ማየቴን ይወደዋል፤ አሮጌውን ዕቃ ሳልጠይቀው አውጥቶ ያሳየኛል። ወዳጄ በዚህ አልረካም፤ አሁንም ስንገናኝ ያነሣብኛል።

መጀመር ለሚፈልግ ወጣት ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቅቃለሁ። አንደኛው፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ እንዳይገባ ነው። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም፤ ካቫሌቶ ሳይደገፍና ጎማዎቹ ድንጋይ ሳይደረግላቸው ጭንቅላቱን ከሥር ያገባ ሰው፣ ከ2 ቶን በላይ የሆነ ብረትን በአንዲት የጎማ ቀለበት አምኖ ተኝቷል። ሁለተኛው የተቃጠለውን ዘይት የሚመለከት ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘይት ማታ ወስዶ ቱቦ ውስጥ ይደፋዋል። የከተማችን ቱቦ ወደ ወንዞቹ ይወርዳል፤ ወንዞቹ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂም ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ጎመኑም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። እኔ በጀሪካን አጠራቅሜ፣ ሲሞላ ለሚገዙት ሰዎች እሰጣለሁ።

ጀሪካኑ የሚቀመጠው ከዕቃ ቤቱ በር ኋላ፣ ከምግብ ዘይቱ ራቅ ብሎ ነው። የእኅቴ ልጅ በቀይ ቀለም «የላንድ ክሩዘር ዘይት፤ ወጥ አይሠራበትም» ብላ ጽፋበታለች። ከጎኑ በሚስማር የተንጠለጠለውን ደብተርም አሁን የምትጽፈው እርሷ ናት፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ምን እንደ ተለወጠ። የመጨረሻው መስመር የፍሬን ዘይት ነው፤ ከጎኑም በራሷ ፈቃድ «አራቱም ጎማ» የሚል ጨምራበታለች።