የፍላቂት ብርድ እና የከሰል ምድጃ

ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚጓዝ መኪና ጋሸና ላይ የላሊበላን መገንጠያ በቀኙ ትቶ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል የመቄት ደጋ ይቀበለዋል። ዛፉ ጥቂት፣ ሰማዩ ሰፊ፣ ነፋሱ ዕረፍት የማያውቅ አገር ነው። ፍላቂት የወረዳው ከተማ ናት። እኔና የ13 ዓመት ልጄ የደረስንባት በኅዳር መጨረሻ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር።

የደጋ ሰው በዚህ ወቅት የሚፈራው ውርጭን ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ምድር የቀን ሙቀቷን ትለቅና በማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ወይም ባቄላ እሸት ሳለ ውርጭ ካገኘው የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በዚያ ማለዳ ከብት ይዘው የሚወጡት ደግሞ ልጆች ናቸው። መንገድ ዳር ያየናቸው ሁለት እረኞች አንድ ባና ለሁለት ተከናንበው ፀሐይ ይጠብቁ ነበር።

ልጄ ሰሞኑን ስለ ዋልታ ተጓዦች ያነባል። «የእኛ ሰዎችስ በረዶ ውስጥ ዘምተው ያውቃሉ?» አለኝ። አዎን። በአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረውንና ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠውን የድንጋይ ጽሑፍ ነገርኩት። አንድ የአክሱም ንጉሥ ሠራዊቱ በሰሜን ተራሮች ላይ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ መዝመቱን ያስጻፈበት ነው።

እሱም በተራው የኖርዌጃዊውን የፍሪትዮፍ ናንሰንን ታሪክ አጫወተኝ። ናንሰንና ጓደኛው ዮሃንሰን በ1895 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዙ በረዶው አላሳልፍ ብሏቸው ተመለሱ። ክረምቱን ከድንጋይ በሠሯት ጎጆ ውስጥ የድብ ሥጋ እየበሉ፣ በአንድ የመኝታ ከረጢት አብረው እየተኙ አሳለፉት። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት በአንድ ባና የነበሩትን እረኞች ነው።

ማታ ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ በከሰል ምድጃ ቡና አፈሉልን። ልንተኛ ስንል ልጄ «እማማ፣ ምድጃው እዚሁ ይደር፤ በጣም ይበርዳል» አላቸው። «አይሆንም የኔ ልጅ፤ ከሰል ከሰው ጋር አይተኛም» ብለው ምድጃውን ወደ ደጅ አወጡትና ሌላ ባና ደረቡለት።

እኒህ እናት የሚያውቁትን ነገር አንድ ታዋቂ የዋልታ ተጓዥ በመከራ ነው የተማረው። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ በ1934 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዋልታ ምድር፣ በረዶ ውስጥ በተቀበረች ጎጆ ብቻውን ከረመ። ውጪው ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ ይወርድ ነበር። ሊገድለው የደረሰው ግን ከምድጃውና ከሬዲዮው ጄኔሬተር የሚወጣው ጋዝ ነው። ምድጃውን ቢያጠፋ ብርዱ፣ ቢያነድድ መርዙ ይጠብቀዋል። የሬዲዮ መልእክቶቹ መዘበራረቃቸውን ያስተዋሉ ጓደኞቹ በነሐሴ ደርሰው አተረፉት።

ያ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውነትን ያፍናል። ከሰሉ ግሞ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ይህ የደጋ ወይም የዋልታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየከተማው በክረምት ቡና የተፈላበትን ከሰል ለሙቀት ብለን በር ዘግተን እናስቀምጣለን። አራስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እናትና ጨቅላ እንዳይበርዳቸው ተብሎ መስኮቱ ይደፈናል፣ ከሰሉ ይገባል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ደግሞ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ከሰል ውጪ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ይውጣ። አብረው ከተቀመጡት መካከል ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም የተሰማው ካለ ሁሉም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ለብርዱ ባናም ጋቢም አለ፤ ልጅን አቅፎ መተኛትም አለ።